ባለፈው ስትመጡ

በዚህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከሁሉ በፊት ያዝልኝ ወዳጄ፣ ምክንያቱም እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ «መምህር ታደሰ በስተርጅና ጋኔን ታየው» ብለው የሚስቁብኝን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ግማሾቹን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር አንድም ቀን «እንጃ፣ እግዜር ያውቃል» ብዬ ያለፍኩት ጥያቄ የለም። ከወንዝ ማዶ ያለው ምንጭ ዛር አለበት ያለኝን ተማሪ ክፍሉን በሙሉ አስከትዬ ወስጄ ምንጩ ዳር አስቀምጬ፣ ውሃ ከመሬት ሆድ እንዴት እንደሚወጣ አስተምሬ፣ አስጠጥቼ ነው የመለስኩት። እንዲህ ነበርኩ። ቁጡ ነህ ይሉኛል፣ እሱም እውነት ነው፣ አልክድም፣ ይህንንም የምነግርህ ተናድጄ ነው፣ ካለፈ በኋላ እንኳን ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ፍርሃቱ የሚመጣው ንዴቱ ሲበርድ ነው፣ ስለዚህ እንዲበርድ አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው በቬኒስ ነው። አትሳቅ። ክፍል ውስጥ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ቆርጬ በካርቶን ላይ የለጠፍኳት የቬኒስ ሥዕል ነበረችኝ፣ በየዓመቱ «መኪና የማይገባበት፣ መንገዱ ውሃ፣ ሚኒባሱ ጀልባ የሆነ ከተማ አለ» ስላቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ፣ «አንድ ቀን ሄጄ አየዋለሁ» ስላቸው ደግሞ ይብሳሉ። ጡረታ ወጣሁ፣ ሥዕሏም ክፍሉ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ባለፈው ኅዳር አንድያ ልጃችን ቤዛ ደወለች፣ ጣልያን አገር አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፣ «አባዬ፣ በጥር የአምስት ቀን ዕረፍት አለኝ፣ አንተና እማዬ ትመጡና ቬኒስን አሳያችኋለሁ» አለችኝ። እመነኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆምኩ።

«በጥር? ጥር እኮ እናንተ ዘንድ ክረምት ነው» አልኳት።

«እሱ ነው ደጉ፣ በሙቀቱ ጊዜ ሰው በሰው ላይ ነው፣ መርገጫ የለም። በክረምት ጸጥ ይላል።»

ባለቤቴ አስካለ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «በጥር ምን ክረምት አለ? ጥምቀትን በዝናብ ነው የሚያከብሩት?» አለች።

«ክረምት ማለት እነሱ ዘንድ ዝናብ ማለት አይደለም፣ ብርድ ነው» አልኳት።

«ብርድማ እኛም አለን። ለብርድ ብለን ባሕር መሻገር ምን አመጣው?»

እንዲህ ናት አስካለ፣ ቀስ ብላ ተናግራ ሰው ታስቃለች፣ ያን ቀን እኔም ሳቅሁ። ፓስፖርታችን ቀድሞም ነበረን፣ ቪዛው ብዙ ሳያጉላላ መጣ፣ እኔም ደብተር አውጥቼ ዕቅድ ማውጣት ጀመርኩ። አምስት ቀን፣ አምስት ገጽ። የመጀመሪያው ቀን ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ በትልቁ የውሃ መንገድ፣ ሁለተኛው አደባባዩና ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሦስተኛው ብርጭቆ በአፍ እየነፉ የሚሠሩበት ደሴት፣ እንዲህ እያልኩ ሰዓት በሰዓት ሠራሁት። በክረምት ውሃው ከፍ እያለ አደባባዩን ያጥለቀልቀዋል፣ ሰዉ የእንጨት መረማመጃ ዘርግቶ ይሻገራል፣ ስለዚህ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል ብዬ እሱንም ጻፍኩ። አስካለ ከትከሻዬ በላይ ስታይ ቆይታ «አንድ ቀን ምንም የማንሠራበት ይኑረን፣ ዝም ብለን ቁጭ ብለን ውሃውን የምናይበት» አለች። እኔም «ይሄን ሁሉ መንገድ ሄደን ቁጭ እንድንል ነው? ቁጭ ማለት እዚህስ መች ጠፋ!» ብዬ ጮኽኩባት። ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እኔ ደግሞ አራተኛውን ቀን በሁለት ከፍዬ አንድ ተጨማሪ ደሴት አስገባሁበት። አሁን ስነግርህ ያሳፍረኛል፣ ያን ጊዜ ግን ትክክል የሆንኩ ነበር የመሰለኝ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ቦቲውንና ሻንጣ ልንገዛ ደብረ ብርሃን ወረድን፣ ገዝተን ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ተመለስን። የኋላውን ወንበር ያዝን፣ አስካለ መስኮቱ ጥግ፣ እኔ መሐል፣ በግራዬ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ጣርማበር ስንደርስ ወደ መንዝ ከመታጠፋችን በፊት አንዲት አሮጊት ተሳፈሩ፣ ጥቁር የበግ ጸጉር ባና እስከ አፋቸው ተከናንበዋል፣ መጥተው በግራዬ ተቀመጡ። ሾፌሩ «እማማ፣ ደህና ዋሉ?» ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የሚያውቃቸው መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ይህን የምነግርህ ኋላ «ከሰማይ ወርደው፣ ወደ ሰማይ ተነኑ» ብዬ እንዳላታልልህ ነው፣ አልተነኑም፣ ከነሥጋቸው ሰው ናቸው።

ጣርማበር ላይ ጉም ያልተለመደ ነገር አይደለም፣ ከቆላው እየተጎተተ ገደሉን ይወጣል፣ አስተምሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ታጥፈን ብዙ ከሄድን በኋላ እንኳን አልለቀቀንም፣ ሜዳው ላይ ተኛ፣ ነጭ ሆነ፣ ሾፌሩም ዳር ይዞ ቆመና «አፍንጫዬን እንኳን አላይም፣ ትንሽ እንጠብቅ» ብሎ ሞተሩን አጠፋው። ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፣ ቀን ነው፣ ግን የሚታይ ነገር የለም። ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ስለ ገብስ አጨዳ ማውራት ጀምረው ነበር፣ እነሱም እየቀነሱ ሄዱ፣ ዝም ተባለ።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ውሃ። የሚወርድ ውሃ አይደለም፣ የሚፈስም አይደለም፣ ቆሞ የሚወዛወዝ ውሃ፣ ከሚኒባሱ ሆድ በታች፣ ጎማውን ቀስ እያለ የሚልሰው፣ ይመጣል፣ ይነካል፣ ይመለሳል። ታኅሣሥ ነው እኮ ወዳጄ፣ ገብሱ ታጭዷል፣ ምድሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጠዋት ጠዋት ከውርጭ በቀር እርጥብ ነገር የለም።

«ውሃ ነው?» አለች አስካለ ወደ መስኮቱ ተጠግታ።

«እዚህ ምን ውሃ አለ እትዬ?» አለ ሾፌሩ።

«ራዲያተሩ ነው፣ ሲበርድ ድምፅ ያሰማል» አልኩ እኔ። ራዲያተር እንዲያ ዓይነት ድምፅ እንደማያሰማ አውቃለሁ፣ ግን የሆነ መልስ መስጠት ነበረብኝ፣ ልማዴ ነው።

አሮጊቷ ወደ ፊት እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ጥርት ባለ አነጋገር «ባለፈው ስትመጡም እንዲህ ጉም ነበር» አሉ።

«የት ስንመጣ እማማ?»

«ከውሃው ከተማ ነዋ።»

እግዜር ያሳይህ፣ ስለ ጉዟችን በመኪናው ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈስንም፣ ሻንጣውም ከወንበር ሥር ነው። የተሳሳቱ መስሎኝ «እኛ የትም አልሄድንም እማማ፣ ከሌላ ሰው ጋር አምታተውን ነው» አልኳቸው።

«አላምታታሁም ልጄ። አንተ ደብተር ይዘህ ትሮጣለህ፣ እሷ ደክሟታል፣ ቁጭ ብላ ውሃውን ማየት ነበር የፈለገችው። በአራተኛው ቀን ነው፣ ትንሹ ድልድይ ላይ፣ ከብረት አጥሩ አንድ ዘንግ የጎደለው። እዚያ ላይ ሆነህ ተቆጣሃት። እኔ ከታች ሆኜ ሰማሁህ።»

ሽማግሌ አክባሪ ነኝ፣ አሁንም ቢሆን «እሳቸው» እያልኩ ነው የምነግርህ፣ ያን ጊዜ ግን ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ምን ስል ሰሙኝ?» አልኳቸው።

«‹እንግዲያውስ ብቻሽን ሂጂ› አልካት፣ ትተሃትም ሄድክ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በወጣትነታችን፣ ቤዛ ሳትወለድ፣ ቀየት ከሚባል መንደር ከልቅሶ ስንመለስ መንገድ ላይ ተጣልተን፣ በምን እንደሆነ እንኳን አላስታውሰውም፣ እኔ ያገኘሁት የጭነት መኪና ላይ ወጥቼ፣ ይቺኑ ቃል ወርውሬባት፣ አስካለን መንገድ ላይ ትቻት ሄጃለሁ። በእግሯ ነው የመጣችው። ስትደርስ ምንም አላለችኝም፣ እኔም ይቅርታ አላልኳትም፣ እንዲያው ዓመታት በላዩ ላይ አለፉበት። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም። እና አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ያቺኑ ቃል አንሥተው ያልሄድኩበት አገር ያልቆምኩበት ድልድይ ላይ ሲያስቀምጡብኝ፣ ምን ልሁን?

ጮኽኩ። «ማን ነው የላከሽ!» ብዬ ነው የጀመርኩት፣ አዎ፣ አንቺ አልኳቸው፣ «ማን ነገረሽ! ጠንቋይ ነሽ ወይስ ነገረኛ! በሰው ትዳር ምን አገባሽ!» ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። አስካለ ክንዴን ይዛ «ተው፣ በማርያም፣ ተው» ትላለች፣ እኔ የት ልሰማ። ሴትዮዋ ምንም ሳይመልሱ ተነሡ፣ ሾፌሩ ወርዶ እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው፣ እኔም ተከትዬ ዘለልኩ። ልክ ነህ፣ ያሳፍራል፣ አሮጊት ተከትሎ ጉም ውስጥ መሮጥ። ግን መልስ ፈልጌ ነበር።

ብዙም አልራቁም፣ ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ነበር፣ የድንጋይ ካቡ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ ሲል ልጋጭበት ነበር። አንዲት ወጣት ሴት፣ ኋላ እንደነገረችኝ የልጃቸው ሚስት፣ ከበሩ ወጥታ ተቀበለቻቸውና እኔን ስታይ ቆመች።

«ምን ሆኑ ጌታዬ? እሳቸው ምን አጠፉ?»

«እሳቸውን ጠይቂያቸው! ስለ እኔና ስለ ሚስቴ ይህን ሁሉ ማን እንደነገራቸው ይንገሩኝ!»

«ማን? እሳቸው?» ግራ ገብቷት አየችኝ። «እሳቸው እኮ አይናገሩም። ምላሳቸው ከተያዘ ስንት ዓመታቸው፣ እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ቃላቸውን ሰምቼ አላውቅም።»

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያ ድረስ ቀኝ ጎናቸውን ብቻ ነበር ያየሁት። ባናውን ከአፋቸው ሲያወርዱት ግራ ፊታቸው እንዳለ ወርዷል፣ ዓይናቸው፣ ጉንጫቸው፣ የከንፈራቸው ጥግ። አፋቸውን ከፈቱ፣ የሆነ የታፈነ ድምፅ ወጣ፣ ቃል አይባልም።  ልጅቱ ግን እኔን ትታኝ ወደ ታች አየችና ተቆጣች፣ «ደግሞ! ኧረ እርስዎ ከየት ነው ይህን ውሃ የሚያገኙት?» አለቻቸው። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ ነበር። ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ደረቁ አፈር ላይ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም ዓይኔን ሊያይ አልፈለገም። ሾፌሩ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ «መምህር» አለኝ፣ እሱም ተማሪዬ የነበረ ነው፣ «እርስዎን የሚያህል ሰው ዲዳ አሮጊት ላይ እንዲህ ይጮኻል? ዝም ብለው በተቀመጡበት?» ዝም ብለው! ከፊት ያሉትም «አዎ፣ ምንም አላሉም፣ እሱ ነው ብድግ ብሎ የጮኸው» ተባባሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ከተማው በሙሉ ሰማው፣ ሱቅ ስገባ ወሬ ይቋረጣል፣ ያስተማርኳቸው ልጆች እንኳን «ደህና ዋሉ» ሲሉኝ አፋቸውን ይይዛሉ። ንዴቴን አስበው።

ያን ዕለት ማታ ከአስካለ ጋር ቤት ደረስን። ገብተን ሻንጣውን እንዳስቀመጥን «አንቺስ ሰምተሻል አይደል? ሲናገሩ ሰምተሻል?» አልኳት፣ እንደ ልመና ነው የወጣብኝ።

«ሰምቻለሁ» አለች።

እፎይ አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ ቢያንስ አላበድኩም። «ይኸው! ስለ ድልድዩ፣ ስለ ብረቱ፣ ያቺን ቃል…»

«የምን ድልድይ?» አለች አስካለ። «እኔ የሰማሁት ሌላ ነው።»

«ምን አሉሽ ታዲያ?»

«ለእኔ ያሉኝ ለእኔ ነው» ብላ ነጠላዋን አውልቃ ሰቀለች።

ለምኛታለሁ፣ ጮኼባታለሁ፣ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም ብያለሁ፣ አልነገረችኝም። ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሞላን ምን ቀረን፣ የደበቀችኝ ነገር ያ ብቻ ነው፣ ወይም እኔ የማውቀው ያ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ቤዛ ከሦስት ማደሪያዎች አንዱን ልትመርጥ ነበር። እኔም እንደ ዘበት አስመስዬ «ከምትመርጪው ቤት አጠገብ ድልድይ አለ እንዴ?» ብዬ ጻፍኩላት። «ቬኒስ እኮ ነው አባዬ፣ ድልድይ የሌለበት የት አለ?» ብላ ሳቀችብኝ፣ ማታውን ደግሞ «ይሄን ያዝኩላችሁ፣ ከመስኮቱ የሚታየው ይህ ነው» ብላ ፎቶ ላከች። ትንሽ የድንጋይ ድልድይ፣ ጥቁር የብረት አጥር። ፎቶውን በጣቶቼ አጉልቼ ዘንጎቹን ቆጠርኳቸው ማለት አልችልም፣ መቁጠር አላስፈለገኝም፣ ከመሐል አንዱ የለም፣ ክፍተቱ እንደወለቀ ጥርስ ያፈጥብሃል።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ይፈራል፣ እኔ ግን ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት የተመኘኋት ከተማ ናት! ማን ነው ድልድይዋ ላይ ቀድሞኝ የቆመው? ማን ነው ያላደረግኩትን አድርገሃል ብሎ የሚፈርድብኝ? ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ በመጨረሻ አንድ ነገር አሰብኩ፣ እንደ ጂኦግራፊ መምህር፣ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይቆምም፣ ስለዚህ እኔ እዚያ ድልድይ ላይ ካልተገኘሁ እዚያ ድልድይ ላይ መቆጣት አልችልም። አበቃ። ጠዋት ላይ «አንሄድም፣ ተሰርዟል» አልኳት አስካለን።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች።

«አንሄድም አልኩሽ!»

«እኔ እሄዳለሁ ታደሰ። ልጄን ላያት ነው።»

በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፣ «መምህር» ነው የምትለኝ፣ ወይ «አንተ»። ይበልጥ ነደድኩ፣ ጠረጴዛውን መታሁ፣ «እንግዲያውስ ብቻሽን ሂጂ!» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሁለታችንም አወቅነው። ከዚያ፣ አትፍረድብኝ፣ ቀለል አለኝ። ተባለ፣ አለቀ፣ የተባለውም እዚህ ኩሽና በር ላይ ነው፣ ድልድይ የለ፣ ውሃ የለ። እንዲያውም አዲስ አበባ ድረስ ሸኘኋት፣ ቦሌ ላይ ስንለያይ ደብተሬን ሰጥቻት ነበር፣ አየት አድርጋ መልሳ በእጄ አስያዘችኝ።

ሦስት ቀን በሰላም አለፈ። ቤዛ ቪዲዮ ትልካለች፣ አስካለ በቦቲዋ የእንጨት መረማመጃው ላይ ስትሄድ፣ አስካለ ጀልባ ላይ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ። አይቼ እየሳቅኩ እናደዳለሁ፣ እየተናደድኩ እስቃለሁ፣ አይ፣ አለመሄዴ ቆጨኝ።

በአራተኛው ቀን ምሳ በልቼ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ወንበር ላይ ሸለብ አደረገኝ። ቀን መተኛት ልማዴ አይደለም። ስነቃ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ ደጅ ላይ ያለችውን ጎረቤቴን ሰላም ልላት ስል ድምፄ አልወጣም። ዘግቷል። ጉሮሮዬ እንደ ተፋቀ ይለበልበኛል፣ ተማሪ ሲረብሽ ቀኑን ሙሉ ስጮኽ ውዬ ማታ እንደሚሰማኝ ዓይነት። ጎረቤቴን በሹክሹክታ «ቅድም ስጮኽ ሰምተሽኛል?» አልኳት። «ኧረ ቤትዎ ጭር ብሎ ነው የዋለው» አለችኝ።

ማታ ቤዛ ደወለች፣ ድምጿ ልክ አልነበረም።

«አባዬ፣ ዛሬ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤት» አልኳት፣ እንደምንም።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ብርድ ነው። ምን ተፈጠረ?»

«እማዬ ዛሬ ውሃውን አያለሁ ብላ ድልድዩ ጋ ተቀመጠች፣ እኔ ሻይ ልገዛ ሄድኩ። ጉም ነበር። ስመለስ ሰው ሲቆጣ ሰማሁ፣ በአማርኛ» አለች። «አባዬ፣ ያንተን ቁጣ አውቀዋለሁ፣ አድጌበታለሁ። ሮጬ ስደርስ እማዬ ብቻዋን ናት፣ አልቅሳለች፣ ግን ደህና ናት። ‹ማን ነው?› ብላት ‹አባትሽ ነዋ፣ ማን ሊሆን ነው› አለችኝ።»

 «አጠገቧ ሁኚ» ብያት ስልኩን ዘጋሁት።

አስካለ በሰላም ተመለሰች። ጤነኛ ናት፣ ትበላለች፣ ትሰፋለች፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ ስለ ጀልባው እያወራች ታስቃቸዋለች። እኔ ግን ሰው እስኪወጣ ጠብቄ «ድልድዩ ላይ ምን ሆነ?» አልኳት።

«አንተም እኮ ነበርክ» አለች፣ መርፌዋን በክር እያሳለፈች።

«አልነበርኩም አስካለ! እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ!»

«እሺ» አለች። ቁጣዬ እንደ ድሮው አላስደነገጣትም፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የሚያውቁትን፣ አሁን ግን ብዙም የማያስታውሱትን ሰው እንደሚያዩት። «ብቻ ትተኸኝ ስትሄድ እንደዚያኛው፣ እንደ ቀየቱ ጊዜ ብቻዬን አልቀረሁም፣ እጄን የያዘኝ ባና የተከናነበ ሰው ነበር።»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አልቻልኩም። ይህንንም ያህል ስነግርህ የምበሽቀው ለዚህ ነው፣ በሕይወቴ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀርቼ አላውቅም ነበር።

ከትናንት ወዲያ የውሃ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰውዬ ግቢውን ቆፍሮ ቆፍሮ ሳይጨርስ ትቶት ሲሄድ በቃኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ ስሙን ጠርቼ ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው በመንገዱ ይመላለሳል፣ አስካለም ከኋላዬ ስፌቷን ትሰፋለች። እኔ ግን እዚህ የምጮኸው ጩኸት የት ሄዶ፣ በማን ላይ እንደሚወድቅ አላውቅም። ሰውዬው ከሩቅ ዞሮ «ጠሩኝ መምህር?» አለ። አልጠራሁትም። እምልልሃለሁ፣ ድምፅ አላወጣሁም።